አሥራ ሰባት ኢንች፦ የምርመራ አልጋ ቁመት እንዴት የሕግ ጉዳይ ሆነ

17 ኢንች 43 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 19 ኢንች ደግሞ 48። ልዩነታቸው 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በዚህች 5 ሴንቲ ሜትር ላይ አሜሪካ ውስጥ የአካል ጉዳተኞች ተሟጋቾች፣ የሕክምና መሣሪያ አምራቾች፣ ሐኪሞችና የመንግሥት ባለሥልጣናት 12 ዓመት ያህል ተከራክረዋል። ጥያቄው ይህ ነበር፦ በዊልቸር የሚሄድ ሰው ራጅ፣ ሲቲ ስካን ወይም ሌላ ምርመራ ሲታዘዝለት፣ የሚተኛበት አልጋ እስከ የት ድረስ ዝቅ ማለት አለበት?

ጉዳዩን ከሥሩ ጀምሬ ማውራት የፈለግኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ አካል ጉዳተኛ ሰው የምስል ምርመራ የሚያጣው ብዙ ጊዜ ምርመራ ክፍሉ በር ላይ አይደለም። ማሽኑ ሲገዛ፣ ግዢ ክፍል ውስጥ ነው የሚያጣው። ይህን ከ17 ኢንቹ ክርክር በላይ የሚያሳይ ጉዳይ አላውቅም። ሁለተኛ፣ ዋሽንግተን፣ ሲያትል፣ ዳላስና ሚኒያፖሊስ ያለው ወገናችን ዕድሜው እየገፋ ነው። ስትሮክ የመታቸውን፣ ጉልበታቸው የደከመ እናቶችንና አባቶችን ይዘን ሆስፒታል የምንመላለስ ብዙ ነን። ሕጉ ምን እንደሚል ማወቅ ይጠቅመናል። ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ ሐምሌ ስል ጁላይ ማለቴ ነው።

አንድ ሰው ከዊልቸር ወደ አልጋ እንዴት እንደሚሻገር ካላየን ክርክሩ አይገባንም። እጆቹ ጤነኛ የሆኑ የዊልቸር ተጠቃሚ ወንበሩን አልጋው አጠገብ ያስጠጋል። ፍሬኑን ይይዛል። በአንድ እጁ አልጋውን፣ በሌላው ወንበሩን ተደግፎ ሰውነቱን ብድግ ያደርግና ወደ ጎን ይሻገራል። አንዳንዱ በሁለቱ መካከል ለስላሳ ጣውላ አጋድሞ በላዩ ይንሸራተታል። አልጋውና ወንበሩ እኩል ከሆኑ ነገሩ ቀላል ነው። አልጋው ከፍ ካለ ግን ሰውየው የራሱን ክብደት በትከሻው ሽቅብ ማንሳት ይኖርበታል። ለዓመታት ዊልቸር የገፋ ሰው ትከሻ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞውኑ የታመመ ነው። ካቃተው ወይ ይወድቃል፣ ወይ ሰው ይሸከመዋል፣ ወይ ሳይመረመር ይመለሳል።

መመለሱንም እናስብ። አልጋው ዝቅ እንዳለ ከቀረ፣ ወደ ወንበሩ መመለስ ሽቅብ ይሆናል። ስለዚህ ጥሩ አልጋ ዝቅ ማለት ብቻ አይበቃውም፤ ከፍም ማለት አለበት። ሲሄድም ቁልቁል፣ ሲመለስም ቁልቁል እንዲሆን።

በምስል ምርመራ ክፍል ይህ ሁሉ ይከብዳል። ቆየት ያሉ የራጅ አልጋዎች ብዙዎቹ ቁመታቸው አይለወጥም። የአጥንት ጥንካሬ የሚለካበት ማሽን አልጋም አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያው ነው። ይህ በጣም ያሳዝናል። ምክንያቱም አከርካሪያቸው የተጎዳ፣ መራመድ ያቆሙ ሰዎች አጥንታቸው በፍጥነት ይሳሳል። ምርመራው ከማንም በላይ የሚያስፈልጋቸው እነሱ ናቸው፤ አልጋው ላይ መውጣት የማይችሉትም እነሱ ናቸው።

በማግኔት ኃይል የሰውነትን ውስጥ የሚያሳየው ኤምአርአይ የራሱ መዘዝ አለው። የማሽኑ ማግኔት ቀንም ሌሊትም አይጠፋም። ተራ የብረት ዊልቸር ክፍሉ ውስጥ ከገባ ማግኔቱ ይስበዋል፤ መሀል ያገኘውን ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ታካሚው ወንበሩን ውጭ መተው አለበት። መጀመሪያ ማግኔት ወደማይስበው ወንበር ወይም ተሽከርካሪ አልጋ ይዛወራል። ከዚያ ወደ ማሽኑ አልጋ። ሲወጣም ያንኑ ሁለቱን ይደግማል። ለአንድ ምርመራ አራት ጊዜ መሻገር ማለት ነው። የማሽኑ አልጋ ተነቅሎ ወደ ውጭ የሚገፋ ዓይነት ከሆነ ግን ታካሚው እዚያው ኮሪደር ላይ አንዴ ይተኛል፣ አንዴ ይነሳል። ሁለቱም ዓይነት ገበያ ላይ አለ። የትኛው እንደሚገዛ የሚወስነው ሰው ይህን ልዩነት ያስበው ይሆን?

ማንሻ ማሽን አለ ትሉ ይሆናል። አለ። ታካሚውን በጨርቅ አቅፎ ወደ ላይ የሚያነሳው፣ እግሮቹ ጎማ ያላቸው። ነገር ግን ማንሻው ሚዛኑን የሚጠብቀው እግሮቹን አልጋው ሥር አስገብቶ ነው። ብዙ የምስል ማሽን አልጋዎች ደግሞ ሥራቸው እስከ ወለሉ ድፍን ነው። ሆስፒታሉ ማንሻ ገዝቶ ራጅ ክፍል ሲደርስ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው። በእጅ ማንሳትም መፍትሔ አይደለም። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተመራማሪዎች ምክር፣ አንድ ሠራተኛ ከ35 ፓውንድ፣ ማለትም ከ16 ኪሎ በላይ የታካሚ ክብደት በእጁ ማንሳት የለበትም። አዋቂን ሰው ማንሳት የነርሷን ወገብ ይሰብራል፤ ታካሚውንም ይጥላል። እዚህ አገር በነርስ ረዳትነትና በሆም ኬር የሚሠሩ እህቶቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ወደ ሕጉ እንምጣ። ኤዲኤ የሚባለው የአካል ጉዳተኞች ሕግ የጸደቀው በ1990 ነው። ሆስፒታልና ክሊኒክን ሁሉ ይሸፍናል። ከሱ የወጣው ዝርዝር መለኪያ ግን የሚናገረው ስለ ሕንፃ ነበር፦ ስለ በር ስፋት፣ ስለ መወጣጫ ቁልቁለት፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ መኪና ማቆሚያ። ከግድግዳና ከወለል ጋር ስላልተጣበቀ ዕቃ ቁጥር አላስቀመጠም። በዊልቸር የሚሄደው ሰው መኪናውን ያቆማል፣ በመወጣጫው ይገባል፣ በአሳንሰሩ ይወጣል፣ በሰፊው በር ወደ ምርመራ ክፍሉ ይዘልቃል። አልጋው ሥር ሲደርስ መለኪያው ያልቃል።

ይህን ክፍተት አደባባይ ያወጣው ትልቁ ክስ በ2000 ካሊፎርኒያ ውስጥ ካይዘር ፐርማኔንቴ በሚባለው ትልቅ የሕክምና ድርጅት ላይ የቀረበው ነው። ከሳሾቹ ዊልቸር የሚጠቀሙ ታካሚዎች ነበሩ። አንዱ የአልጋ ቁስል ወጥቶበት ሐኪም ዘንድ ሄደ። አልጋው ላይ መውጣት ስላልቻለ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ታየ፤ ቁስሉ በደንብ ሳይመረመር ቀረና ኋላ ቀዶ ሕክምና አስፈለገው። ጉዳዩ በ2001 በስምምነት አለቀ። ካይዘርም ዝቅና ከፍ የሚሉ አልጋዎችን፣ ከነዊልቸር የሚመዝኑ ሚዛኖችንና ሌሎች መሣሪያዎችን ለማሟላት ተስማማ። ጥሩ ድል ነበር። ግን የአንድ ድርጅት ድል ነው። አጠገቡ ያለውን ክሊኒክ አያስገድድም። ደግሞስ “ዝቅ የሚል አልጋ” ሲባል ስንት ኢንች? አምራቹም ገዢውም የሚይዘው ቁጥር አልነበረም።

ችግሩ ምን ያህል ሰፊ እንደነበር ያሳዩ ሁለት ጥናቶች ኋላ ወጥተዋል። በ2012 በታተመው የካሊፎርኒያ ጥናት 2,389 የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና መስጫዎች ታይተው ቁመቱ የሚስተካከል የምርመራ አልጋ የተገኘባቸው 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ከነዊልቸር የሚመዝን ሚዛን የነበራቸው ደግሞ 3.6 በመቶ። በ2013 የወጣው ሁለተኛው ጥናት አካሄዱ ለየት ይላል። ተመራማሪዎቹ በአራት ከተሞች ወደ 256 የስፔሻሊስት ክሊኒኮች ስልክ ደወሉ። በዊልቸር የሚሄድ፣ ራሱን ችሎ መሻገር የማይችል ታካሚ አለን፣ ቀጠሮ ስጡን አሉ። 56ቱ አንቀበልም አሉ። ከአምስት አንድ በላይ ማለት ነው። ከሁሉም የባሱት የማህፀን ሐኪሞች ቢሮዎች ነበሩ፤ 44 በመቶ ያህሉ እንቢ ብለዋል።

ከቁጥር ይልቅ ሰው ለሚያሳምነው ደግሞ የሃርቫርዷ ፕሮፌሰር ሊሳ ኢዞኒ ሥራ አለ። እሳቸው ራሳቸው መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለው የነርቭ በሽታ ያለባቸውና ዊልቸር የሚጠቀሙ ናቸው። ከባልደረቦቻቸው ጋር ቀድሞውኑ የመንቀሳቀስ ችግር የነበረባቸውና ኋላ የጡት ካንሰር የያዛቸውን 20 ሴቶች አነጋገሩ። ውጤቱ በ2010 ታተመ። ሴቶቹ እየደጋገሙ ያነሱት ሦስት ዕቃ ነው፦ የማሞግራም ማሽን (ጡትን በራጅ የሚያነሳው)፣ የምርመራ አልጋና ሚዛን። ሚዛኑ ቀላል ነገር ይመስላል። ግን የኬሞቴራፒ መድኃኒት መጠን የሚሰላው በክብደት ነው። ያልተመዘነች ሴት መድኃኒቷ በግምት ይሰጣታል።

መፍትሔው የመጣው ብዙ ሰው ከማይጠብቅበት ቦታ ነው፤ ከኦባማ ኬር። መጋቢት 2010 የጸደቀው ይህ ግዙፍ የጤና መድን ሕግ ውስጥ አንድ አጭር አንቀጽ አለ፤ ቁጥሩ 4203። ለምርመራ መሣሪያዎች የተደራሽነት መለኪያ ይውጣ ይላል። ዕቃዎቹን በስም ይጠራል፦ የምርመራ አልጋ፣ የዓይንና የጥርስ ሕክምና ወንበር፣ ሚዛን፣ የማሞግራም መሣሪያ፣ የራጅ ማሽን፣ ሌሎችም የራዲዮሎጂ መሣሪያዎች። የምስል ማሽን በሕግ ደረጃ በስሙ ተጠርቶ እንዲህ ሲታዘዝለት ትልቅ ነገር ነበር። ሥራው የተሰጠው አክሰስ ቦርድ ለሚባለው አነስተኛ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። ይህ ቦርድ አንድ የምወደው ነገር አለው። ከሕዝብ ተመርጠው በፕሬዝዳንቱ ከሚሾሙት አባላቱ አብዛኞቹ የግድ አካል ጉዳተኞች መሆን አለባቸው። የተሰጠው ጊዜ 24 ወር ነበር።

ቦርዱ በየካቲት 2012 ረቂቁን አወጣ። አልጋው ዝቅ ሲል ከ17 እስከ 19 ኢንች ባለው መካከል ይሁን አለ። ጠቡ የተነሳው እዚህ ላይ ነው።

“ከ17 እስከ 19” ሲባል የሚያስማማ ይመስላል። ግን ለአምራች ይህ ማለት 19 ማለት ነው። ዝቅ የሚል አልጋ መሥራት ከባድ ነው። ሞተሩ፣ ማንሻ ክንዱ፣ ሽቦው ሁሉ በዚያች ጠባብ ቦታ ታጥፎ መግባት አለበት። ከባድ ሰው ሲተኛበት መንገዳገድ የለበትም። ለምስል ማሽን ደግሞ አልጋው ወደ ማሽኑ ቀዳዳ ልክ ከፍ ብሎ በትክክል መግባት ይኖርበታል። ስለዚህ አምራቾቹ 19ን መረጡ፤ ምክንያታቸውም የፈጠራ አልነበረም። ተሟጋቾቹ ግን 17 አሉ። 19 ላይ ከቆማችሁ ዝቅ ያለ ወንበር ያላቸውን ትታችኋል አሉ።

ዝቅ ያለ ወንበር ያለው ማነው? አጫጭር ሰዎች አሉ። ስትሮክ የመታቸውም አሉ። ግማሽ አካሉ የዛለ ሰው ዊልቸሩን በሁለት እጁ መግፋት አይችልም። በጤነኛው እግሩ ወለሉን እየረገጠ ነው የሚሄደው። ለዚህ ሲባል ወንበሩ ሆን ተብሎ ዝቅ ብሎ ይሠራል፤ መቀመጫው 17 ወይም 18 ኢንች አካባቢ ይሆናል። ይህ ሰው አንድ እጁና አንድ እግሩ ብቻ ነው የሚሠራው። 19 ኢንች ወደሆነ አልጋ ሽቅብ ተሻገር የሚባለው እሱ ነው። አቅሙ ከሁሉም ያነሰው ሰው ላይ ከሁሉም የከበደው መሻገር ይጫንበታል። እኔ በዚህ ክርክር ከተሟጋቾቹ ጋር ነኝ፤ ምክንያቴም ይኸው ነው። ከፍ ያለ ወንበር ያለው ሰው አልጋው ዝቅ በማለቱ የሚያጣው ነገር የለም። አልጋው ይነሳለታል።

ቦርዱ አምራቾችን፣ ሐኪሞችንና አካል ጉዳተኞችን ያቀፈ አማካሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው በ2013 መጨረሻ ሪፖርቱን ሲያቀርብ በብዙ ነገር ተስማምቶ ነበር። በዝቅተኛው ቁመት ላይ ግን አንድ ቁጥር ማግኘት አልቻለም። በእጃቸው የነበረው ዋናው መረጃ በቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ስታይንፌልድና ባልደረቦቻቸው ወደ 500 የሚጠጉ የዊልቸርና የመሰል ተሽከርካሪዎች ተጠቃሚዎችን የለኩበት ጥናት ነው። ጥሩ ጥናት ነው። ግን ሰዎቹ ስንት ኢንች ላይ እንደሚቀመጡ ነው የሚናገረው። በትክክል ስንት ኢንች ላይ ሲሆን መሻገር እንደሚያቅታቸው አይናገርም።

የመጨረሻው መለኪያ የወጣው በጥር 2017 ነው። ሕጉ ከሰጠው ጊዜ አምስት ዓመት ያህል ዘግይቶ። ቦርዱ 17ንም 19ንም አልመረጠም። ከ17 እስከ 19 ያለው ለአምስት ዓመት ይሥራ፣ እስከዚያ ጥናት ይደረግ አለ። አምስት ዓመቱ ሲያልቅ ጥናቱ ስላላለቀ እስከ 2025 መጀመሪያ አራዘመው።

ስለ ቀሪው ነገር ግን የ2017ቱ መለኪያ ጠንካራ ነበር። አልጋው ከፍ ሲል 25 ኢንች መድረስ አለበት። በዝቅተኛውና በከፍተኛው መካከልም ቢያንስ አራት ቦታ ላይ መቆም መቻል አለበት። ተንቀሳቃሽ ማንሻ እግሩን እንዲያስገባ ከአልጋው ሥር 6 ኢንች ክፍት ቦታ እንዲኖር ያዛል። የማሞግራም ማሽን ጡት የሚያርፍበት ሰሌዳ ከ26 እስከ 50 ኢንች ድረስ ያለማቋረጥ መውረድና መውጣት አለበት። 26 ኢንች 66 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጉልበቷን ከሰሌዳው ሥር አስገብታ ለተቀመጠች ሴት የሚደርስ ቁመት። ማሞግራም ብዙ ጊዜ ቆሞ፣ ካልሆነም ተቀምጦ የሚነሳ ምርመራ ስለሆነ አልጋ አያስፈልገውም። ማሽኑ ዝቅ ካለና ወንበሯ ሥሩ ከገባ ሴትየዋ ከዊልቸሯ ሳትወርድ ትመረመራለች። ከምስል ምርመራዎች ሁሉ ለማስተካከል ቀላሉ ይህ ይመስለኛል።

መለኪያው አንድ መውጫ በርም ትቷል። መሣሪያውን ለዚህ ቁመት ማስተካከል የምርመራውን ሥራ የሚያበላሽ ከሆነ አምራቹ በዚያ ነጥብ አይገደድም፤ የቀረውን ግን በተቻለ መጠን ማሟላት አለበት። ለአንዳንድ ከባድ ማሽን ይህ ተገቢ ነው። ግን በሩ እንዳይሰፋ መጠበቅ ያስፈልጋል።

በሐምሌ 2024 ቦርዱ ወሰነ። 17 ኢንች አለ። በዚያን ጊዜ ለአጠቃላይ ምርመራ ከሚሸጡ አልጋዎች መካከል ከ17 ኢንች በታች የሚወርዱ ጭምር ገበያ ላይ ነበሩ። “አይቻልም” የሚለው ክርክር በራሱ ጊዜ ተዳክሞ ነበር።

ይሁን እንጂ የቦርዱ መለኪያ በራሱ ማንንም አያስገድድም። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ደንብ አድርጎ ሲቀበለው ብቻ ነው ጥርስ የሚኖረው። የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ስለ መሣሪያና ስለ ቤት ዕቃ በ2010 የጀመረውን የደንብ ሥራ በታኅሣሥ 2017 ሰርዞት ነበር። መለኪያው በወጣ በዚያው ዓመት ማለት ነው። ስለዚህ ለሰባት ዓመት ያህል ቁጥሩ ወረቀት ላይ ተቀመጠ። ሆስፒታሎችም በነዚያ ዓመታት ማሽን መግዛታቸውን አላቆሙም።

በግንቦት 2024 የጤና መሥሪያ ቤቱ ተነሳ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም ሕክምና ሰጪ፣ ማለትም ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን) የሚቀበለው ሁሉ፣ ከሐምሌ 8 ቀን 2024 በኋላ የሚገዛው ወይም የሚከራየው የምርመራ መሣሪያ መለኪያውን ያሟላ አለ። ይህ የሚቀጥለው ከያንዳንዱ ዓይነት 10 በመቶው፣ ቢያንስ አንዱ፣ ተደራሽ እስኪሆን ነው። የመንቀሳቀስ ችግርን ለይተው ለሚያክሙ ተቋማት 20 በመቶ ነው። ሁሉም ቢያንስ አንድ ተደራሽ የምርመራ አልጋና አንድ ሚዛን እስከ ሐምሌ 8 ቀን 2026 እንዲኖራቸው ቀነ ገደብ ተቀመጠ። መሣሪያውን ማንቀሳቀስና ታካሚውን በማሻገር መርዳት የሚችል ሠራተኛም መኖር አለበት። የፍትሕ መሥሪያ ቤቱም በነሐሴ 2024 ለክፍለ ሀገርና ለከተማ መንግሥታት ተቋማት ተመሳሳይ ደንብ አወጣ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አይዋጥልኝም። የመጀመሪያው፣ ሁለቱም ደንቦች የተቀበሉት የ2017ቱን መለኪያ ነው። ከ17 እስከ 19 የሚለውን። ቦርዱ 17 ብሎ ወስኗል፤ አስገዳጁ ደንብ ግን አሁንም 19ን ያሳልፋል። ሁለተኛው፣ ቁርጥ ያለ ቀን የተቀመጠለት የምርመራ አልጋና ሚዛን ብቻ ነው። ሲቲ ስካን፣ ኤምአርአይ፣ ማሞግራም፣ የራጅ ማሽን የሚለወጡት ሆስፒታሉ አዲስ ሲገዛ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ደግሞ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል። በ2023 የተገዛ ማሽን የሚለወጠው ከ2033 በኋላ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ነገሩ ግዢ ክፍል ላይ ነው የምለው። አንድ ጊዜ የተሳሳተ ግዢ፣ አሥር ዓመት ሙሉ የሚመጡ ታካሚዎችን ይመልሳል።

ማሽኑ እስኪለወጥ ድረስ ግን ታካሚው መብት የለውም ማለት አይደለም። የፍትሕና የጤና መሥሪያ ቤቶቹ በ2010 በጋራ ባወጡት ማብራሪያ ውስጥ ለኛ ቤተሰቦች በጣም የሚጠቅም ነጥብ አለ። ክሊኒኩ “የሚያነሳሽ ሰው ይዘሽ ነይ” ሊል አይችልም። መርዳት የክሊኒኩ ሥራ ነው። እኛ ግን እናታችንን ብቻዋን አንልክም። ሁለት ልጅ ተከትሏት ይሄዳል። የራጅ ባለሙያው ልጆቹን ያያል፣ “እርዷት” ይላል፣ ልጆቹም ያለምንም ጥያቄ ብብቷን ይዘው ያነሷታል። ፍቅር ነው። ግን ብብት ይዞ ማንሳት ስትሮክ የመታውን ትከሻ ሊያወልቅ ይችላል። ደግሞ ክሊኒኩ መሣሪያ እንደጎደለው ሳይመዘገብ ይቀራል። በሚቀጥለው ቀን ልጅ የሌላት ሴት ስትመጣ ያው አልጋ ይጠብቃታል። አጠገቧ ቆመን እጇን እንያዝ፤ ማንሳቱን ለሠለጠነው ሰው እንተው።

ማብራሪያው ሌላም ይላል። መተኛት የሚያስፈልገውን ምርመራ “ወንበርሽ ላይ እንደተቀመጥሽ እንይሽ” ብሎ መጨረስ በአብዛኛው ተቀባይነት የለውም። “መሣሪያ የለንም” ብሎ መመለስም እንደዚያው።

ስለ አገር ቤት አንድ ነገር ልበል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በዊልቸር ለሚሄዱ ሰዎች መግቢያና መጸዳጃ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር። ልክ እንደ አሜሪካው የ1990 ሕግ መለኪያ፣ የሕንፃ ሕግ ነበር፤ ስለ ምርመራ አልጋ አልተናገረም። እዚህ ውጭ ያለን ሰዎች ለተወለድንበት ከተማ ሆስፒታል ማሽን ለመግዛት ገንዘብ ስናዋጣ፣ ወይም ያገለገለ የራጅ ማሽን ተገኘ ሲባል፣ የምንጠይቀው ይሠራል ወይ ብቻ ነው። አልጋው ስንት ይወርዳል ብሎ መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም። ከተጫነ በኋላ መለወጥ ግን አይቻልም።

አሜሪካ ላላችሁ፣ ቀጠሮ ስትይዙ በስልክ የሚባለው ይህ ነው። ታካሚዋ በዊልቸር እንደምትመጣና ራሷን ችላ መሻገር እንደማትችል ቀድማችሁ ንገሩ። አልጋው ዝቅ የሚል መሆኑን፣ ማንሻው በዚያ ክፍል መሥራቱን፣ ለማሞግራም ከሆነ ተቀምጣ መነሳት መቻሏን ጠይቁ። ለኤምአርአይ ማግኔት የማይስበው ወንበር እንዳላቸው ጠይቁ። ረዘም ያለ ሰዓት እንዲይዙላት አድርጉና ይህ ሁሉ ፋይሏ ላይ እንዲጻፍ በሉ። አስተርጓሚ ከፈለገች ክሊኒኩ በነፃ ማቅረብ አለበት። ከመለሷት ቀኑን፣ ያነጋገራችሁን ሰውና የተባለውን ጻፉ። አቤቱታው የሚቀርበው ለጤና መሥሪያ ቤቱ የሲቪል መብቶች ቢሮ ነው፤ ነገሩ ከተፈጸመ በ180 ቀን ውስጥ። ጠበቃ አያስፈልግም።